«ፔንግዊን ለሱሉልታ ልጅ ምኑ ነው?» ላሉት ጋሼ

በሰፈራችን ትምህርት ቤት አንድ የተፈጥሮ ክበብ አለ። ዘንድሮ ልጆቹ ስለ ሰሜንና ደቡብ ዋልታ ሲያነቡ፣ ሥዕል ሲሥሉና ግድግዳ ላይ ሲለጥፉ ከረሙ። ይህ ነገር አንድ የማከብራቸውን ጡረተኛ መምህር አላስደሰታቸውም። ረዘም ያለ ጽሑፍ ጻፉና ለወላጆች ሁሉ አደረሱ። ስማቸውን አልጠራም። ሰፈሩ በሙሉ «ጋሼ» ነው የሚላቸው፤ እዚህም ጋሼ ይሁኑ።

የጋሼ ክርክር ባጭሩ እንዲህ ነው። ዋልታ ሕይወት የሌለበት በረዶ ነው። ወደዚያ የሄዱት ዝና የጠማቸው ፈረንጆች ናቸው፤ ለዓለም ያተረፉት ነገር የለም። ከዚያ ብርድ የሚተርፈው ጉልበትና ገንዘብ ያለው ብቻ ነው። በታሪኩ ውስጥ ጥቁር ሰው የለም። ስለዚህ የሱሉልታ ልጅ ፔንግዊኑን ትቶ የራሱን አገር ቀይ ቀበሮ ይወቅ።

ጽሑፉ ጥሩ ተደርጎ ተጽፏል፤ ጋሼ ብዕር ያውቃሉ። እኔ ግን የምቀበላቸው ከመጨረሻው ነጥብ ግማሹን ብቻ ነው። ክበቡን ከሚያግዙት አንዱ ስለሆንኩ ወገንተኛ ነኝ፤ ይህንንም አንባቢ ይወቅልኝ።

«ሕይወት የለበትም» ከሚለው ልጀምር። ጋሼ የብሱን ብቻ ማለታቸው ከሆነ ከእውነቱ ብዙም አልራቁም። አንታርክቲካ ወደ 14 ሚሊዮን ስኩዌር ኪሎ ሜትር ትሰፋለች፤ የኢትዮጵያ አሥራ ሁለት እጥፍ ማለት ነው። በዚህ ሁሉ መሬት ዓመቱን ሙሉ ከየብስ ሳይወጣ የሚኖረው ትልቁ እንስሳ ክንፍ የሌለው፣ አንድ ሳንቲ ሜትር እንኳ የማይሞላ ነፍሳት ነው።

ባሕሩን ግን ጋሼ ረስተውታል። እዚያ ውስጥ ሽሪምፕ የሚመስል ክሪል የሚባል ፍጥረት አለ፤ ብዛቱ በመቶ ሚሊዮኖች ቶን ይገመታል። ዓሣ ነባሪውም፣ ሲል የሚባለው የባሕር እንስሳም፣ ፔንግዊኑም አንድም እሱን ይበላል፣ አለዚያም እሱን የበላውን ይበላል። ደሙ ቀይ ያልሆነ ዓሣም አለ። ደምን ቀይ የሚያደርገውና ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን የለውም፤ ቀዝቃዛ ውኃ ብዙ ኦክስጅን ስለሚይዝ ያለሱ ይኖራል። ብዙዎቹ የዚያ ባሕር ዓሦች ደግሞ ደማቸው ወደ በረዶ እንዳይለወጥ የሚከላከል ፕሮቲን አላቸው።

ከሁሉም ልጆቹን ያፈዘዛቸው ኤምፐረር የሚባለው ፔንግዊን ነው። እኔንም ያፈዘኛል። ቁመቱ ከአንድ ሜትር ያልፋል። ሌላው ወፍ ሙቀት ጠብቆ ሲፈለፍል እሱ መራባት የሚጀምረው ብርዱ ሲብስ ነው። እናቲቱ አንድ እንቁላል ትጥልና ለአባትየው አስረክባ ወደ ባሕር ትሄዳለች። አባትየው እንቁላሉን እግሩ ላይ አድርጎ በሆዱ ቆዳ ይሸፍነውና ከሁለት ወር በላይ ተሸክሞት ይከርማል። ጎጆ የለው፣ ቀለብ የለው። የእኛ ሁዳዴ 55 ቀን ነው። የእሱ ጾም ከባሕር ከወጣበት ቀን ሲቆጠር እስከ 115 ቀን ሊደርስ ይችላል፤ ያውም ማታ የሚቀመስ ነገር ሳይኖር። ሲጨርስ የሰውነቱን ክብደት ግማሽ ያህል አጥቷል።

ብርዱ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪና ከዚያም በላይ ሲወርድ በመቶዎች፣ አንዳንዴም በሺዎች ሆነው ተጣብቀው ይቆማሉ። ዝም ብለው ግን አይቆሙም። ትንሽ ትንሽ እየተራመዱ ክምችቱ በሙሉ ይንቀሳቀሳል፤ ነፋስ የመታው ወደ መሐል ይገባል፣ የሞቀው ወደ ዳር ይወጣል። መሐሉ እስከ 37 ዲግሪ የተለካበት ጊዜ አለ።

ይህ ሁሉ የቆመው ግን ከሥሩ ባለው የባሕር በረዶ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 በቤሊንግስሃውዘን ባሕር አካባቢ ከሚታወቁት አምስት መራቢያዎች በአራቱ በረዶው ጊዜውን ሳይጠብቅ ተሰባበረ። ጫጩቶቹ ውኃ የማያስገባ ላባ ገና አላወጡም ነበር።

በነገራችን ላይ ጋሼ ድቡ ፔንግዊን እያደነ እንደሚኖር ጽፈዋል። አይገናኙም። ነጩ ድብ ሰሜን ነው፣ ፔንግዊኑ ደቡብ፤ በመካከላቸው ምድር በሙሉ አለች። ጥፋቱ የጋሼ አይመስለኝም፤ ሁለቱን አንድ ላይ የሚሥሉ የልጆች ካርቱኖች ናቸው ያሳሳቷቸው።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ ልለፍ። ስለ ዝና የተናገሩት እውነት ነው። እንዲያውም ጋሼ ያልጠቀሱትን የባሰ ነገር ልጨምርላቸው። አሜሪካዊው ሮበርት ፒሪ እ.ኤ.አ. በ1897 ስድስት የሰሜን ግሪንላንድ ሰዎችን በመርከብ ጭኖ ወደ ኒው ዮርክ ሙዚየም ወሰዳቸው። ዓመት ሳይሞላ አራቱ በበሽታ ሞቱ። ሚኒክ የሚባል ትንሽ ልጅ በሰው አገር ያለ አባት ቀረ። ይህን ከልጆቹ አንደብቅም፤ ክበቡ ግድግዳ ላይ የሚኒክም ታሪክ ተለጥፏል።

«ያተረፉት የለም» ሲሉ ግን አልስማማም። እንግሊዛዊው ሮበርት ስኮትና አራት ጓደኞቹ ደቡብ ዋልታ ደርሰው ሲመለሱ ሁሉም በመንገድ አለቁ። እ.ኤ.አ. ኅዳር 1912 የሦስቱ አስከሬን ያለበት ድንኳን ሲገኝ 16 ኪሎ ያህል ድንጋይም አብሮ ተገኘ። መራመድ አቅቷቸው እንኳ አልጣሉትም። በድንጋዩ ላይ ግሎሶፕተሪስ የሚባል የጥንት ተክል ቅጠል ታትሞበት ነበር። የዚሁ ተክል ቅሪት በአፍሪካም በሕንድም ድንጋይ ውስጥ ይገኛል። አንታርክቲካ አንድ ዘመን ደን እንደነበረባትና ከእኛ አህጉር ጋር አንድ መሬት እንደነበረች ከሚመሰክሩት ማስረጃዎች አንዱ ሆነ።

ከዚያ ወዲህ የመጣውም ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1985 እዚያ ጣቢያ ያላቸው የእንግሊዝ ሳይንቲስቶች ከአንታርክቲካ በላይ ያለው፣ ከፀሐይ ጎጂ ጨረር የሚከላከለን የኦዞን ሽፋን ክፉኛ መሳሳቱን አሳወቁ። ሁለት ዓመት ቆይቶ የሞንትሪያል ስምምነት ተፈረመ። ዛሬ ኢትዮጵያን ጨምሮ የዓለም አገሮች ሁሉ ገብተውበታል። አዲስ ፍሪጅ ውስጥ ኦዞንን የሚያሳሳው የድሮው ጋዝ የሌለው በዚህ ምክንያት ነው። አገሩም የማንም ጦር ሰፈር እንዳይሆን እ.ኤ.አ. በ1959 አሥራ ሁለት አገሮች ተፈራረሙ፤ አሜሪካና ሶቪየት ኅብረት ዓይን ለዓይን በማይተያዩበት ዘመን መሆኑን ልብ ይሏል።

አሁን ረዘም ላለ ጊዜ ወደምቆይበት ልምጣ። ከብርዱ የሚተርፈው ጉልበትና ገንዘብ ያለው ነው የሚለው ነጥብ ከጽሑፉ ሁሉ የከፋው ይመስለኛል። ልጅ ይህን አምኖ ካደገ ችግር ነው።

በገንዘቡ እንጀምር። እ.ኤ.አ. በ1845 ጆን ፍራንክሊን በእንግሊዝ ባሕር ኃይል ሁለት መርከቦች ወደ ሰሜን ካናዳ ሄደ። መርከቦቹ ሞተር ነበራቸው። ከሺህ በላይ መጻሕፍትና ለሦስት ዓመት የሚሆን ስንቅ ጭነው ነበር። 129 ሰዎች ሆነው በረዶ ውስጥ ገቡ፤ አንድም ሰው አልተመለሰም። የሚገርመው ያለቁበት አገር ባዶ አለመሆኑ ነው። ኢኑዊት የሚባሉት ሕዝቦች ሚስትና ልጅ ይዘው፣ ሽማግሌ ጦረው ይኖሩበታል። መርከቦቹ ከ160 ዓመት በላይ ቆይተው እ.ኤ.አ. በ2014 እና በ2016 ሲገኙም ፍለጋውን የረዳው ኢኑዊቶቹ የነገሩት ነው።

ኢኑዊቶቹ ገንዘብ አልነበራቸውም። ዕውቀት ግን ነበራቸው። የሲልና የዓሣ ነባሪ ሥጋና ቆዳ ጥሬውን ይበላሉ፤ በጥሬው ውስጥ ቫይታሚን ሲ አለ። መርከበኛው በጨው የታሸ ሥጋና ደረቅ ብስኩት ሲበላ ከርሞ ድዱ ይደማል፣ ጥርሱ ይረግፋል፣ የዳነ ቁስሉ እንደገና ይከፈታል። ስከርቪ የሚሉት ይህን በሽታ ነው። ብዙ ፈረንጅ ጥሬ ሥጋ መብላትን የአረመኔ ሥራ እያለ ሞቷል። ቅዳሜ ልኳንዳ ቤት ቢላ ይዞ የሚቀመጥ የእኛ ሰው ይህን ሲሰማ ምን እንደሚል መገመት አያቅተኝም።

ጉልበትስ? እ.ኤ.አ. በ1911፣ በእኛ 1904 ዓ.ም. መሆኑ ነው፣ አፄ ምኒልክ ታመው አልጋ በያዙበት ዘመን፣ ሁለት ቡድኖች ወደ ደቡብ ዋልታ ተነሱ። የስኮት ቡድን ሦስት የሞተር ተንሸራታቾች፣ ፈረሶችና ውሾች ነበሩት። የኖርዌዩ ሮአል አሙንሰን ዕዳ ያለበት ሰው ነበር። የያዘው እግር ላይ ታስሮ በረዶ ላይ የሚያንሸራትት ስኪና ውሻ ነው።

ልዩነቱ ሌላ ቦታ ነው። አሙንሰን ቀደም ሲል፣ እ.ኤ.አ. ከ1903 እስከ 1905፣ ሰሜን ካናዳ ውስጥ ኔትሲሊክ ከሚባሉት ኢኑዊቶች ጎን ሁለት ክረምት ከርሟል። ቁጭ ብሎ ተማረ። ከአጋዘን ቆዳ የተሰፋ ልብስ ሰፋ ብሎ መለበስ እንዳለበት ከእነሱ አየ። በብርድ አገር ላብ ጠላት ነው፤ ልብስህን ያርስና መራመድ ስታቆም እዚያው ላይህ ላይ በረዶ ይሆናል። ውሻ መንዳትም የተማረው ከእነሱ ነው።

ስኮት ፈረስ ላይ ተማመነ። ፈረስ በቆዳው ያልበዋል፣ ውሻ ግን በምላሱ ነው ሙቀቱን የሚያወጣው። ፈረስ ከባድ ስለሆነ በረዶ ውስጥ እስከ ሆዱ ይሰምጣል። ደግሞ ፈረስ ድርቆሽ ይፈልጋል። ድርቆሽ ቦታ የሚፈጅ ጭነት መሆኑን ለሱሉልታ ሰው ማን ይነግረዋል! በዚያ መንገድ ላይ አንዲት ሣር አትበቅልም፤ የፈረሱን ቀለብ ሁሉ ተሸክሞ መሄድ ግድ ነው። ሞተሮቹም አልዘለቁም። አንዱ ከመርከብ ሲወርድ በረዶው ተሰብሮ ባሕር ገባ፣ ሁለቱ መንገድ ላይ ተበላሹ። በኋላ ሰዎቹ ራሳቸው ጭነቱን እየጎተቱ ሄዱ። ጉልበት ካሉ ይህ ነው ጉልበት። የሚበሉት ምግብ ግን ለሚያወጡት ጉልበት አይበቃም ነበር፤ በየቀኑ እየከሱ ሄዱ።

የአሙንሰንም እጅ ንጹሕ አይደለም። 52 ውሾች ይዞ ተነስቶ 11 ብቻ ይዞ ተመለሰ። የቀሩት አብዛኞቹ በዕቅድ ተገድለው ለሌሎቹ ውሾችና ለሰዎቹ ቀለብ ሆኑ። ልጆቹ ይህን ሲሰሙ አኮረፉት፤ አልፈርድባቸውም። ቸኩሎም ያውቃል። እ.ኤ.አ. መስከረም መጀመሪያ ላይ ተነስቶ ብርዱ ስለበረታበት ተመልሷል፤ ሲመለስም የደከሙ ጓደኞቹን ከኋላ ጥሎ ቀደማቸው። ጉዞው እንደገና የተጀመረው ጥቅምት ላይ ነው።

አንድ ትንሽ የሚመስል ነገር ልጨምር። ሁለቱም በመንገዳቸው ላይ ለመመለሻ የሚሆን ስንቅ ቀብረው ነበር። አሙንሰን ከዋናው ማከማቻ ግራና ቀኝ ኪሎ ሜትሮች ድረስ ባንዲራ በመደዳ ተከለ። በጉም መንገድ ቢስት እንኳ ከባንዲራዎቹ አንዱን ማግኘቱ አይቀርም። የነዳጅ ጣሳዎቹንም በብየዳ አሸገ። የስኮት ጣሳዎች ክዳን የቆዳ ማሸጊያ ነበረው፤ በብርዱ ተኮማትሮ ነዳጁ እየተነነ አነሰ። ነዳጅ ከሌለ በረዶ አቅልጦ መጠጣት የለም፤ በዚያ ሁሉ በረዶ መሐል ሰው ውኃ ይጠማዋል።

አሙንሰን ታኅሣሥ 4 ቀን 1904 ዓ.ም. ዋልታው ላይ ደረሰ። ስኮት የደረሰው ከ34 ቀን በኋላ ነው። የስኮት የመጨረሻ ድንኳን ከትልቁ የስንቅ ማከማቻቸው 20 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነበር የሚርቀው።

የአንታርክቲካውን አሳሽ የሻክልተንን ታሪክ ሁሉም ስለሚያወራው አልደግመውም። መርከቡ ተሰብሮ 28 ሰዎች ከነነፍሳቸው መመለሳቸው እውነት ነው። ግን በሌላው የአህጉሩ ዳር ሆነው ለእሱ ጉዞ ስንቅ ሲቀብሩ የሞቱ ሦስት ሰዎች አሉ፤ እነሱን የሚያነሳ ጥቂት ነው።

ጉልበትን ካነሳን አይቀር፣ ጋሼ ደቡብ ዋልታን እንደ ባሕር ወለል ዝቅ ያለ ሜዳ አድርገው ነው የሣሉት። ቦታው ከባሕር ጠለል በላይ 2,835 ሜትር ነው። ከፍታው ከእኛው ከሱሉልታ ጋር የሚቀራረብ ነው። ከእግር በታች ያለው በረዶ ብቻ 2,700 ሜትር ያህል ይወፍራል። ከቆላ የመጣ ሰው እዚያ ሲደርስ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ራሱን ያመዋል። በየማለዳው ደጃችን የሚሮጡት አትሌቶቻችን በዚህ በኩል የሚቸገሩ አይመስለኝም። ብርዱን አላውቅም እንጂ!

አራተኛው ነጥብ ጥቁር ሰው የለም የሚለው ነው። ጋሼ፣ ማቲው ሄንሰን የሚባል ሰው አለ። እ.ኤ.አ. በ1866 አሜሪካ ሜሪላንድ ውስጥ ተወለደ፤ ወላጆቹን በልጅነቱ አጣ፤ ገና ልጅ ሳለ መርከብ ላይ ተቀጠረ። ከዚያው ከፒሪ ጋር ሃያ ዓመት ያህል ሠራ። የኢኑዊቶቹን ቋንቋ ይናገር ነበር። ተንሸራታቾቹን የሚሠራውና የሚጠግነው፣ ውሾቹን የሚነዳው እሱ ነው። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 6 ቀን 1909 ሰሜን ዋልታ ደረስን ሲሉ አብረው የነበሩት ፒሪ፣ ሄንሰንና አራት ኢኑዊቶች ናቸው፤ ኡታ፣ ኢጊንግዋ፣ ሲግሉና ኡኬአ። ትክክለኛው ነጥብ ላይ መድረሳቸው እስከ ዛሬ ያከራክራል። የማያከራክረው ከዚያ የሆነው ነው። ፒሪ ተሸለመ። ሄንሰን ኒው ዮርክ ጉምሩክ ቤት ተቀጥሮ ኖረ። አሳሾቹ ማኅበራቸው ውስጥ ያስገቡት እ.ኤ.አ. በ1937 ነው። በ1988 አጽሙ በክብር አርሊንግተን ወደሚባለው የአሜሪካ ብሔራዊ መቃብር ተዛወረ፤ ከሞተ ከ33 ዓመት በኋላ።

ሌላው ደግሞ አፍሪካዊ ነው። የቶጎው ቴቴ ሚሼል ክፖማሲ ልጅ ሆኖ ዘንባባ ላይ ወጥቶ ሳለ እባብ አጋጠመውና ወደቀ። ከዳነ በኋላ ቤተሰቡ የዘንዶ አምልኮ አገልጋይ ሊያደርገው አሰበ። በዚያ መሐል ስለ ግሪንላንድ የተጻፈ መጽሐፍ እጁ ገባ። ዛፍም እባብም የሌለበት አገር! ከቤት ጠፍቶ፣ በየአገሩ እየሠራ ዓመታት ፈጅቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1965 ግሪንላንድ ገባ። ሰዎቹ ቤታቸው አስገቡት፤ ውሻ መንዳትና በረዶ ላይ ማደን ከእነሱ ተማረ። ክበቡ ውስጥ ከአሙንሰንም ከስኮትም በላይ የተወደደው እሱ ነው።

የቀረው «ከእኛ ጋር ምን አገናኘው» የሚለው ነው። ጋሼ በመስከረምና በጥቅምት ሱሉልታ ሜዳ ገና ውኃ እንደቋጠረ አይተውት ያውቃሉ። ጭቃው ዳር የሚርመሰመሱት ረጃጅም እግር ያላቸው ወፎች ሁሉም የአገር ልጅ አይደሉም። ራፍ የምትባለው ወፍ የምትፈለፍለው ከስካንዲኔቪያ እስከ ሩቅ ምሥራቅ ሳይቤሪያ ባለው ሰሜናዊ ረግረግ ነው። ብርዱ ሲመጣ ወደ እኛ ትወርዳለች፤ ገፈርሳም አባ ሳሙኤልም ትገኛለች። ከመስክ መስክ የምትዘለው ዊትኢር የምትባል ትንሽ ወፍ ክብደቷ 25 ግራም ያህል ነው። ከወገኖቿ አንዳንዶቹ አላስካ ተፈልፍለው ምሥራቅ አፍሪካ እንደሚከርሙ በመከታተያ መሣሪያ ተረጋግጧል፤ አንድ ጉዞ 14,500 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የሰሜኑ ረግረግ ሲለወጥ ሜዳችን ላይ የምናየውም ይለወጣል። ሜዳው በቤትና በመጋዘን ሲሞላ ደግሞ እዚያ ያለው ልጅ የሚያየው ይቀንሳል።

በረዶም ቢሆን ለእኛ ባዕድ አይደለም። በበረዶ ዘመን የባሌ ተራሮች አናት በግግር ተሸፍኖ ነበር። ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት ሰዎች ፊንጫ ሀበራ በሚባለው ዋሻ፣ ከ3,400 ሜትር በላይ፣ እሳት እያነደዱ ትልቁን ፍልፈል ጠብሰው ይበሉ ነበር። ጥናቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2019 ነው። ያን ያህል ከፍታ ላይ ሰው እንደኖረ ከሚታወቁት ጥንታዊ ቦታዎች አንዱ ነው። ብርድን ችሎ መኖር የፈረንጅ ታሪክ ነው ያለን ማን ነው?

ቀይ ቀበሮም ቢሆን ከዚሁ ታሪክ አይወጣም። ቅድመ አያቶቹ በበረዶ ዘመን ከሰሜን የመጡ ተኩላ መሰል እንስሳት ናቸው። ዛሬም ሜዳ ላይ ተጠቅልሎ አፍንጫውን ጅራቱ ውስጥ ቀብሮ ያድራል፤ የአሙንሰን ውሾችም እንዲሁ ነበር የሚያድሩት። በዓለም ላይ የቀሩት ከ500 አይበልጡም ይባላል። ስለዚህ ጋሼ፣ ቀይ ቀበሮን ይወቁ ማለትዎ ልክ ነው፤ አንዱን ትተው ሌላውን ማለትዎን ነው የማልቀበለው።

ክበቡም ሐሳብዎን ተቀብሏል። በሚቀጥለው ወሰነ ትምህርት ልጆቹን መንዝ ጓሳ ሊወስዳቸው አስቧል፤ ሕዝቡ በራሱ ሕግ ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ የጠበቀው ቦታ ነው፣ ቀይ ቀበሮም ጭላዳም አለበት። ሌሊቱ ከዜሮ በታች ይወርዳልና በርኖስ ያለው ወላጅ ቢያውስ ጥሩ ነው። የቀረው የአውቶቡስ ኪራይ ነው። እሱን እርስዎ ቢያስተባብሩልን ብለው ልጆቹ ደብዳቤ እየጻፉልዎ ነው፤ እምቢ እንዳይሉ።